የሰመጠች መርከብ ምን ታስገባለች?

እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2006 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከራሱ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አንዷን ሆን ብሎ አሰመጠ። ኦሪስካኒ የምትባለው ይህች መርከብ 270 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት፣ በኮሪያና በቬትናም ጦርነቶች የተሰለፈች ናት። ፍሎሪዳ ውስጥ ካለችው የፔንሳኮላ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሆዷ በፈንጂ ተበሳስቶ፣ በ37 ደቂቃ ውስጥ ወረደችና 65 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ካለው አሸዋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ለማጽዳቱ፣ ለጥናቱና ለማስመጡ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ይህ ገንዘብን ከነመርከቡ ባሕር ውስጥ መጣል ይመስላል። ሆኖም መርከቧን ለማግኘት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያሉ ግዛቶች እርስ በርስ ተፎካክረዋል። የሰመጠች መርከብ ዓሣ ትሰበስባለች፤ ዓሣ ያለበትን ጠላቂ ዋናተኛ ፈልጎ ይመጣል፤ የመጣው ጠላቂ ደግሞ ጀልባ ይከራያል፣ ሆቴል ያድራል፣ ምግብ ቤት ይበላል።

በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮ ጥበቃ ስም ነው የሚካሄደው። ደጋፊዎቹ ለባሕሩ አዲስ ሕይወት ሰጠን ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ቆሻሻችሁን ውኃ ሥር ደበቃችሁ ይሏቸዋል። በእኔ እምነት ሰው ሠራሽ ሪፍ፣ ማለትም የባሕር ፍጥረት እንዲጠለልበት ተብሎ ውኃ ሥር የሚቀመጥ መርከብ ወይም ኮንክሪት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የቱሪዝም መሠረተ ልማት ነው፤ መዳኘት ያለበትም በዚሁ ነው። አንድ ከተማ አዲስ መናኸሪያ ሲሠራ መናኸሪያው ራሱ የሚሰበስበው የመግቢያ ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ዋናው ገቢ በዙሪያው ከሚከፈተው ሻይ ቤት፣ ከመኝታ ቤቱና ከሱቁ ይመጣል። የሰመጠች መርከብም እንደዚያው ናት። ስንት ወጣባት? ማንን ጠቀመች? ማን ይጠብቃታል? ምንስ አበላሸች? በዚህ ሚዛን ስትታይ በደንብ የታሰበባት መርከብ ወጪዋን ትመልሳለች። ከምታስገባው ገንዘብ ይልቅ ግን እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ሌላ ጥቅም አላት፤ ይኸውም ከአጠገቧ ባለው የተፈጥሮ ሪፍ ላይ የሚያርፈውን የጎብኚ ጫና ማቃለል መቻሏ ነው።

የተፈጥሮ ሪፍ የሚገነባው ኮራል በሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ነው። እነዚህ እንስሳት የኖራ ድንጋይ ዐፅማቸውን እየደራረቡ፣ በዓመት ሚሊ ሜትር ወይም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እያሳደጉ፣ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ግዙፍ የድንጋይ ግንብ ያቆማሉ። አሸዋማ የባሕር ወለል ላይ ግን ተጣብቆ ለመኖር የሚፈልግ ፍጥረት የሚይዘው ነገር የለም። መርከብ ወይም ኮንክሪት ሲወርድ ያ የጎደለው ጠንካራ ነገር በአንድ ቀን ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብረቱ ስስ የባክቴሪያና የአልጌ ልባስ ይለብሳል። ቀጥለው ባርናክሎችና ዛጎል ለበሶች ይጣበቁበታል፤ ከወራት በኋላ ስፖንጆችና ለስላሳ ኮራሎች ይበቅሉበታል። ትንንሽ ዓሦች በቱቦና በመስኮት ውስጥ ይጠለላሉ፤ እነሱን የሚበሉት ትልልቆቹ ተከትለው ይመጣሉ። ለጠላቂው ይህ ሁሉ የሚያጓጓ ነው፤ የዓሣውን መንጋ፣ የመድፉን አፈሙዝና የመርከቡን መሪ በአንድ ጊዜ ያያል።

ይህ እንዲሆን አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በፍሎሪዳ ኪ ዌስት አጠገብ የሰመጠችውን ቫንደንበርግን እንውሰድ። 159 ሜትር የምትረዝመው ይህች መርከብ ከመውረዷ በፊት ከ10 ቶን በላይ አስቤስቶስ ወጥቶላታል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሽቦም ተነቅሎላታል። በእንዲህ ያለ ዝግጅት የነዳጅ ጋኖች ይታጠባሉ፤ በሮች ይነሣሉ፤ ብርሃን እንዲገባና ወደ ውስጥ የዘለቀ ጠላቂ መውጫ እንዳያጣ በጎንና በወለሉ ላይ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ይቆረጣሉ። ፕሮጀክቱ በጠቅላላው 8.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲፈጅ፣ መርከቧ ፈንጂው ከፈነዳ በኋላ ለመስመጥ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልወሰደባትም። ገንዘቡ የሚያልቀው በጽዳት ላይ ነው፤ ከዚህ ላይ ለመቆጠብ የሚሞክር ደግሞ ኋላ ዕጥፍ ይከፍላል።

ወደ ገቢው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በደቡብ ምሥራቅ ፍሎሪዳ አራት ካውንቲዎች በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ነዋሪዎችና ጎብኚዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በሪፎች ላይ ያሳለፉት ቀን ተደምሮ 28 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። ከዚህ ውስጥ 10 ሚሊዮን ገደማው፣ ማለትም ከሲሶ በላይ የሚሆነው፣ በሰው ሠራሽ ሪፍ ላይ ያለፈ ነው። የተፈጥሮውና የሰው ሠራሹ ሪፍ አንድ ላይ ከ70,000 በላይ የሥራ ቦታዎችን ደግፈዋል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ዓሣ አጥማጁም የመዝናኛ ጀልባ ነጂውም ስላለ ሁሉንም ለጠላቂ መስጠት አይገባም። የኦሪስካኒ ጉዳይ ለጠላቂዎቹ ይቀርባል። የምጣኔ ሀብት አጥኚዎች መርከቧን የጎበኙ ጠላቂዎችን ጠይቀው፣ አንድ ጠላቂ ከአንድ ጉዞ የሚያገኘው ጥቅም በገንዘብ ሲተመን ከ480 እስከ 750 ዶላር እንደሚደርስ ገምተዋል። ይህ ለጀልባና ለሆቴል ከከፈለው በላይ የሆነ፣ ቢጠየቅ ኖሮ ሊጨምረው ፈቃደኛ የሚሆንበት ዋጋ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ጉዞ ይህን ያህል ዋጋ ከሰጠ፣ መርከቧን ለማግኘት የተፎካከሩት ግዛቶች ተስፋ ባዶ አልነበረም ማለት ነው።

ክርክሬን ከሁሉ በላይ የሚያጠናክርልኝ ግን የስፒገል ግሮቭ ታሪክ ነው። 155 ሜትር የምትረዝመው ይህች የባሕር ኃይል መርከብ እ.ኤ.አ. በሜይ 2002 በፍሎሪዳ ኪ ላርጎ አጠገብ ልትሰምጥ ስትዘጋጅ ከታሰበው ሰዓት ቀድማ ተገለበጠች፤ አፍንጫዋም ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለሙያዎች ከሳምንታት በኋላ በጎኗ አስተኟት። በ2005 ዴኒስ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያልፍ ደግሞ ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ዋናው ነገር ግን ከመስመጧ በፊትና በኋላ የጎብኚዎች ብዛት በጥንቃቄ መለካቱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ መርከቧ ከወረደች በኋላ በአካባቢው ያሉ የተፈጥሮ ሪፎች ላይ የሚታየው ጉብኝት ከ13 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። በዚያው ጊዜ የጠላቂ ጀልባዎች ጠቅላላ ሥራ አድጓል፤ ለአካባቢው ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ገቢና ወደ 70 የሚጠጉ የሥራ ቦታዎች ተገኝተዋል። ገቢ እየጨመረ በተፈጥሮው ላይ ያለው ጫና መቀነሱ በቱሪዝም ዓለም ብዙም የማይገኝ ነገር ነው።

ይህ ጫና ቀላል ነገር ስላልሆነ ትንሽ ልቆይበት። በካሪቢያን ባሕር ባለችው በቦኔር ደሴት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት፣ አንድ የመጥለቂያ ቦታ በዓመት ከ4,000 እስከ 6,000 ጥልቂያዎች ድረስ ሊሸከም እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳቱ በፍጥነት እንደሚጨምር ገምቶ ነበር። በቀይ ባሕር ጫፍ ባለችው በኤላት ደግሞ በጣም የሚዘወተሩት ቦታዎች በዓመት ከ30,000 በላይ ጥልቂያዎችን ያስተናግዱ እንደነበር ተመዝግቧል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ክፉ ሰው አይደለም። ገና ሚዛኑን ያልጠበቀ ጀማሪ የእግር መቅዘፊያው ኮራሉን ይመታዋል፤ ሌላው ፎቶ ለማንሣት ቅርንጫፉን ይይዛል፤ የሦስተኛው ተንጠልጣይ ቱቦ ድንጋዩን እየጫረ ያልፋል። አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሰብረው ቁራጭ ከዓይን አይገባም፤ በሺዎች ሲባዛ ግን ዓመታት የፈጀውን ዕድገት ይበላዋል። ብረት ግን የመቅዘፊያ ምት አይጎዳውም። ለጀማሪ መለማመጃ የሚሆን ቦታ ቢኖር ኖሮ ይህን መሰባበር መቀነስ ይቻል እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በሜክሲኮ ካንኩን የተሠራው የውኃ ውስጥ የቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም የተነሣው በትክክል ከዚህ ሐሳብ ነው። የአካባቢው የባሕር ፓርክ በዓመት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች ይመጡበታል። የፓርኩ ኃላፊዎች ሕዝቡን ከተጎዱት ሪፎች የሚያርቅ ሌላ መስህብ ሲፈልጉ፣ ቀራጺው ጄሰን ዴካይረስ ቴይለር ከአካባቢው ነዋሪዎች አካል ላይ ቅርጽ እየወሰደ ለባሕር ሕይወት በሚስማማ ሲሚንቶ ምስሎችን ሠራ። ከ2009 ጀምሮ 500 ያህል ምስሎች ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተተክለዋል። ይህ የጥልቀት ጉዳይ ተራ ነገር አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ጀልባ በተለመደው የጠዋት ጉዞ ሁለት ጊዜ ነው ሰው የሚያወርደው፤ መጀመሪያ ጥልቁ መርከብ ላይ፣ ቀጥሎ ዕረፍት ተወስዶ ጥልቀት የሌለው የተፈጥሮ ሪፍ ላይ። ስለዚህ መርከቧን ሊያይ የመጣ አዲስ ጎብኚ ሁለተኛውን ጥልቂያ ሊጠብቁት በፈለጉት ሪፍ ላይ ያደርገዋል። የስፒገል ግሮቭ ውጤት ደስ ቢያሰኝም በየትኛውም ቦታ በራሱ ይደገማል ብሎ መተማመን አይቻልም። ጫናው በእርግጥ እንዲቀንስ ከተፈለገ ለሁለተኛው ጥልቂያም ጥልቀት የሌለው ሰው ሠራሽ ቦታ አብሮ መታቀድ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ምጣኔ ሀብታዊ ተቃውሞ ይነሣል። ጠላቂው ፔንሳኮላ ባይሄድ ሌላ ከተማ ሄዶ ገንዘቡን ያወጣ ነበር፤ እናም አገር አዲስ ገንዘብ አላገኘችም፣ ገንዘቡ ኪስ ቀየረ እንጂ ይባላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ብዙ የማስተዋወቂያ ወረቀቶች ይህን ሳይቀንሱ የሚያወጡት ቁጥርም ሊታመን አይገባም። ነገር ግን ውሳኔውን የሚወስነውና ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ኪ ላርጎን የመሰለች ትንሽ ከተማ ከራሷ ገንዘብ አውጥታ የራሷን ነዋሪ ሥራ ስታስገኝ፣ ጎብኚው ከሌላ ከተማ መምጣቱ ለእሷ እውነተኛ ገቢ ነው። ማዕከላዊ መንግሥት ከሁሉም ግብር ከፋይ በሰበሰበው ገንዘብ ሲያስመጥ ግን ሂሳቡ ይለወጣል፤ ያኔ የሚቆጠረው ለአገር የተረፈው ብቻ ነው። ከዚህ የምረዳው፣ ተጠቃሚው አካባቢ ራሱ የወጪውን ጉልህ ድርሻ መሸፈን እንዳለበት ነው። የራሱ ገንዘብ ያለበት ሰው የሌላውን ግምት ዝም ብሎ አይቀበልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ሪፍ በሚል ስም ቆሻሻ ይጣላል የሚለው ነው። ለዚህ ማስረጃው በፍሎሪዳ ፎርት ሎደርዴል አጠገብ ውኃ ሥር ይገኛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ያረጁ የመኪና ጎማዎች፣ ዓሣ ይሰበስባሉ ተብሎ፣ እየታሰሩ ወደ ባሕር ተጣሉ። ኦስቦርን ሪፍ ይሉታል። ማሰሪያዎቹ በጨዋማው ውኃ ተበልተው ሲበጠሱ ጎማዎቹ በማዕበል እየተንከባለሉ ከአጠገባቸው ያለውን የተፈጥሮ ሪፍ መደብደብ ጀመሩ። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ኮራል አይበቅልም። ከ2007 ጀምሮ የጦር ኃይሉ ጠላቂዎች ሳይቀሩ ተሰማርተው ሲለቅሙ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ላይ የተሠራው ስሕተት መነሻው ላይ ነው፤ ጥያቄው ‹‹ጠላቂና ዓሣ ምን ያስፈልጋቸዋል?›› መሆኑ ቀርቶ ‹‹ይህን ጎማ የት እንጣለው?›› ሆነ። የኦሪስካኒም ታሪክ ከዚህ ፈጽሞ ነጻ አይደለም። በሽቦዎቿ መሸፈኛ ውስጥ ፒሲቢ የተባለው መርዛማ ኬሚካል ቀርቶ ነበር፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም አደጋውን መዝኖ ነው የፈቀደው። ባዝል አክሽን ኔትወርክ የተባለው ድርጅት ይህን አሠራር አጥብቆ ሲቃወም፣ እንደገና ቀልጦ ሊሠራበት የሚችል ብረትም አብሮ እንደሚጠፋ አስረድቷል። ይህን ተቃውሞ እቀበለዋለሁ። ብረቱ ተሽጦ ሊያስገባ የሚችለው ዋጋ በወጪው ውስጥ ይቆጠር፤ ተቆጥሮ መርከቧ ካላዋጣች ወደ ብረት ማቅለጫ ትሂድ። ሊጸዳ የማይችል መርከብ ደግሞ ምንም ያህል ጎብኚ ቢስብ መስመጥ የለበትም።

ሦስተኛው ክርክር በባሕር ሳይንቲስቶች መካከል ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፤ ሰው ሠራሽ ሪፍ ዓሣን ያበዛል ወይስ ተበታትኖ የነበረውን ወደ አንድ ቦታ ይሰበስባል? መልሱ እንደ ዓሣው ዓይነትና እንደ ቦታው ይለያያል። መሰብሰብ ብቻ ከሆነ ለአጥማጅ ጥሩ ወጥመድ፣ ለዓሣው ክምችት ግን መጥፊያ ይሆናል። ለቱሪዝም ሲታይ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል፤ ጠላቂው ዓሣውን አይቶት ይሄዳልና ያው ዓሣ ነገም ለሌላ እንግዳ ይታያል። በምሥራቅ ፍሎሪዳ ጎልያድ ግሩፐር የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች በየዓመቱ የመራቢያ ወቅታቸው ሲደርስ በሰመጡ መርከቦች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በ1990 ማጥመዳቸው ከተከለከለ በኋላ ቁጥራቸው ቀስ በቀስ አገግሞ፣ ዛሬ ጠላቂዎች እነሱን ለማየት ብቻ ከሩቅ ይመጣሉ። ስለዚህ ለጠላቂ የሰመጠ መርከብ ላይ ማጥመድ መከልከል አለበት የሚለው አቋም ከርኅራኄ ባሻገር የገቢ ጉዳይም ነው። በሌላ በኩል ሰው ሠራሽ ሪፍ መጤዎችንም ያስተናግዳል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አንበሳ ዓሣ የተባለው ወራሪ ከተፈጥሮ ሪፍ ይልቅ በሰው ሠራሹ ላይ በብዛት ተገኝቷል፤ በየጊዜው እየወጉ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህም ወጪ ነው።

የጥገና ነገር ሲነሣ ለእኛ አካባቢ ከሚቀርበው ከቀይ ባሕር የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ቲስልጎርም የተባለችው የእንግሊዝ የጭነት መርከብ በኦክቶበር 1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ተመትታ በግብፅ ውኃ 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሰመጠች። ዘጠኝ ሰዎች ሞተውባታል። የጫነቻቸው ሞተር ብስክሌቶችና የጭነት መኪኖች እስከ ዛሬ በሆዷ ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ፤ በዓለም ላይ በጣም ከሚጎበኙ የሰመጡ መርከቦች አንዷ ናት። ለግብፅ የሻርም ኤል ሼክና የሁርጋዳ ጀልባዎች ከፍተኛ ገቢ አስገኝታለች። ግን ጀልባዎቹ ገመዳቸውን የሚያስሩት በራሷ በመርከቧ አካል ላይ ስለነበር፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር ዝገት የበላው ብረት እየተገነጠለ ይወድቅ ነበር። በ2007 ገደማ ልዩ ማሰሪያዎች ቢተከሉም ብዙ ሳይቆዩ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ሁሉም ይጠቀምባታል፣ የሚጠብቃት ግን አልነበረም። ከዚያው ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ዮርዳኖስ የተለየ መንገድ ይዛለች። የባሕር ዳርቻዋ በጠቅላላው 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያላትን ኮራል መቆጠብ ግዴታዋ ነው። በ1985 ሴዳር ፕራይድ የተባለች በእሳት የተጎዳች የጭነት መርከብ አቃባ ላይ ሰመጠች። በ2019 ደግሞ ታንኮችና ሄሊኮፕተሮች በውጊያ ሰልፍ መልክ የተደረደሩበት የውኃ ውስጥ ወታደራዊ ሙዚየም ተከፈተ። የተቀመጡት ተራ ጠላቂ በሚደርስበት ጥልቀት ላይ ነው፤ ይህም ትልቅ ብልኅነት ነው። በአንጻሩ ኦሪስካኒ በ2008 ከጉስታቭ አውሎ ነፋስ በኋላ ሦስት ሜትር ያህል ጠልቃ፣ የአውሮፕላን መንደርደሪያዋ ለመዝናኛ ጥልቂያ ከሚፈቀደው 40 ሜትር በታች በመቅረቱ፣ ብዙ ጎብኚ ማማዋን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ጥልቀት አደጋም ያመጣል፤ በ2007 በስፒገል ግሮቭ ሆድ ውስጥ ሦስት ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ሞተዋል።

አሁን ዓይን ሁሉ ያረፈው ኤስኤስ ዩናይትድ ስቴትስ ላይ ነው። በ1952 አትላንቲክን በፍጥነት በማቋረጥ ክብረ ወሰን የያዘችው ይህች 302 ሜትር የምትረዝም የመንገደኞች መርከብ ለአሥርት ዓመታት ፊላደልፊያ ወደብ ላይ ቆማ ቆይታ፣ በ2024 የፍሎሪዳው ኦካሉሳ ካውንቲ ሪፍ ሊያደርጋት ገዛት። በ2025 መጀመሪያ ለጽዳት ሞቢል ወደተባለችው የወደብ ከተማ ተጎተተች። ለግዢው፣ ለጽዳቱና ለማስመጡ የተመደበው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ገንዘብ በጉብኝት ይመለሳል የሚለውን ተስፋ እኔም የማይሆን ነው አልልም፤ ካውንቲው ግን የስፒገል ግሮቭ አጥኚዎች ያደረጉትን ማድረግ፣ ማለትም ከመስመጧ በፊትና በኋላ በተፈጥሮው ሪፍም በመርከቧም ላይ ያለውን ጎብኚ መቁጠር ይገባዋል። የመርከቧን ማሰሪያ ማን እንደሚጠግንና ከማን ገንዘብ እንደሚጠግን ደግሞ ከወዲሁ ይወሰን። ቦኔር ይህን ጥያቄ በቀላል መንገድ ፈትታዋለች፤ በ1992 እያንዳንዱ ጠላቂ በዓመት 10 ዶላር እንዲከፍል ደነገገች፤ ገንዘቡም ለባሕር ፓርኩ ጠባቂዎችና ለጀልባ ማሰሪያዎች ዋለ። ክፍያው ከመጀመሩ በፊት ጠላቂዎቹ ሲጠየቁ ከአሥሩ ዘጠኙ ለመክፈል ፈቃደኞች ነበሩ። አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሆቴል ይዞ፣ ጀልባ ተከራይቶ የመጣ ሰው ይህን ቢጨምር ጉዞውን አይሰርዝም፤ ክፍያው በየመርከቡ ላይ ተጥሎ ግማሹ ለመርከቧ ጥበቃ፣ ግማሹ ለጎረቤቷ የተፈጥሮ ሪፍ ቢመደብ የሚከፍለውም የሚሰበስበውም አይጎዳም።